ከጓያ እስከ ሆድ መርፌ፦ መልቲፕል ስክለሮሲስን ማን እንደሚያመጣው እንዴት ታወቀ?

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት በውስጥ መስመር አንድ መልእክት ደረሰኝ። የላከችልኝ ወጣት የይፋግ ልጅ ናት፤ አሁን የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። ስሟን ሳልጠቅስ ታሪኳን እንዳካፍላችሁ ፈቅዳልኛለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ዓይኗ ደበዘዘባት፤ ስታንቀሳቅሰውም ያማት ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሻላትና ረሳችው። ዘንድሮ ደግሞ ከወገቧ በታች ደነዘዘች፣ እግሯም ከበዳት። ኤምአርአይ ተነሳች፣ ከጀርባዋ ፈሳሽ ተቀዳ። የነርቭ ሐኪሟም «መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል በሽታ ነው፤ የራስሽ የመከላከያ ሥርዓት ነው ነርቭሽን የሚያጠቃው» አላት።

እናቷ ይህን አልተቀበሉም። «በልጅነቷ ጓያ በልታ ነው» ይላሉ። አንድ ጎረቤት ደግሞ «በሽታ የመከላከል አቅምን ያጠነክራል» የተባለ ዱቄት አምጥቶላታል። እሷ ግን እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ የገዛ ሰውነቴ እንዴት ጠላቴ ይሆናል? ይህንንስ ማን አይቶ ነው ያረጋገጠው?»

ብዙ ጊዜ በሽተኛ የሚጠይቀን «ይድናል ወይ?» ብሎ ነው። «በምን አወቃችሁ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ እኔ ደስ ይለኛል። መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ታሪክ ነው፤ ከፊሉም ያለፈው በእኛው አገር ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእናትየው ጥርጣሬ

በመጀመሪያ የእናትየውን ሐሳብ ላክብር፤ ከባዶ የመጣ አይደለምና። የፎገራን ሜዳ ያየ ያውቀዋል። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውሃው ሲሸሽ ዋልካው መሬት እርጥበቱን ይዞ ይቀራል። በዚያ እርጥበት ላይ ተዘርቶ ያለ ዝናብ የሚደርሰው፣ ድርቅንም የተኛ ውሃንም የሚችለው ሰብል ጓያ ነው። ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ይተርፋል። መከራውም ከዚህ ይጀምራል፤ ችግር ሲጸና ሰው ለወራት ከጓያ በቀር የሚበላው አይኖረውም።

በ1976 በደምቢያና በፎገራ የሆነው ይኸው ነበር። ብዙ ሰዎች፣ በተለይም ወጣት ወንዶች፣ እግራቸው ገተረ፤ ጉልበታቸው እየተጋጨ፣ በእግር ጣታቸው ጫፍ እየረገጡ መሄድ ጀመሩ። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በሙሉ በዱላ ቀሩ። ስለ ወረርሽኙ የተጻፈው ዘገባ በ1978 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ኋላም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን የሰሜን ምዕራብ አካባቢ ደጋግመው አጥንተውታል።

ምክንያቱ በጓያ ፍሬ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የሚባል መርዝ ነው። ይህ መርዝ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ነርቮች ይጎዳል። በአካባቢው «ሲቀቀል እንፋሎቱ ነው»፣ «ገለባው ላይ መተኛት ነው» የሚሉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከመብላት ነው። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መደባለቅ መርዙን ይቀንሰዋል። ዛሬ የፎገራ ሜዳ ሩዝ በሩዝ ሆኗል፤ ወረታ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለንም ሩዝ ነው። የጓያ ትዝታ ግን ከአዛውንቶች አልጠፋም። እናትየውም የሚናገሩት ያዩትን ነው።

ሆኖም የጓያ በሽታ ዓይን አያደበዝዝም፤ ስሜት አያደነዝዝም። ከሁሉም በላይ መጥቶ አይሄድም፤ እንደመጣ ይቀራል። የልጃቸው በሽታ ግን ዓይንን ነካና ሄደ፣ ቆይቶም በሌላ በኩል ተመለሰ። በጓያ ላይ የመከላከያ ሥርዓቱ እጅ የለበትም። በዚህኛው ላይ ግን አለበት። ይህ እንዴት እንደታወቀ ልንገራችሁ።

በፓሪስ የታየው ጠባሳ

በ1868 ዣን ማርታን ሻርኮ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በፓሪሱ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል በሽታውን ራሱን ችሎ የቆመ በሽታ አድርጎ ገለጸው። በሕይወት ሳሉ የሚያያቸውን ሕመምተኞች ሲሞቱ አንጎላቸውንና ኅብለ ሰረሰራቸውን ይመረምር ነበር። ያገኘውም እዚህም እዚያም የተበታተነ የደደረ ጠባሳ ነው። የበሽታው ስምም ከዚያ መጣ፤ «ብዙ ጠባሳ» ማለት ነው። በጠባሳው ቦታ ማየሊን የሚባለው የነርቭ ልባስ ተልጧል። ማየሊን ነርቭን የሚሸፍን የስብና የፕሮቲን ጥቅል ነው። እሱ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል ወይም መንገድ ላይ ይቀራል።

ከሻርኮ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1863፣ ኤድዋርድ ሪንድፍላይሽ የተባለ ጀርመናዊ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፤ በየጠባሳው መሃል የደም ሥር አለ። ትልቅ ፍንጭ ነበረች። ጥቃቱ በደም በኩል የሚመጣ ይመስላል ማለት ነው። የሚመጣው ምን እንደሆነ ግን አልታወቀም። ብርድ ነው ተባለ፣ ሐዘን ነው ተባለ፣ ተዋሲ ነው ተባለ፣ መርዝ ነው ተባለ። እኛ ዘንድ «ምች ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው» የሚሉ ሰዎችን ለሚያሾፉባቸው ይህን አስታውሳቸዋለሁ፤ የፓሪስና የበርሊን ሊቃውንትም ለሰባ ዓመት ያህል ከግምት አላለፉም።

እብድ ውሻና የሆድ መርፌ

አሁን ታሪኩ ወደ ውሻ ይዞራል። ትንሽ ታገሱኝ፣ እመለሳለሁ።

በእኛ አገር ተመዝግቦ ከሚገኘው ቀደምት ትልቅ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ አንዱ በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ የተነሳው ነው። ይፋግ ያን ጊዜ የበጌምድር ትልቅ ገበያ ነበረች፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያለፉ ተጓዦች ስሟን ደጋግመው ይጠቅሱታል። አሞሌው፣ ከብቱና ሲራራው ነጋዴ በሚገናኝበት ቦታ ውሻ እንደማይጠፋ ለናንተ መንገር አያስፈልግም። በነሐሴ 1903 ደግሞ ወረርሽኙ በአዲስ አበባ ተመዘገበ።

በመሃሉ፣ በሐምሌ 1885፣ ሉዊ ፓስተር በውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመቱን ዮሴፍ ማይስተርን በአዲስ ክትባት አዳነ። ክትባቱ የተሠራው በበሽታው ከተያዘ ጥንቸል የደረቀ ኅብለ ሰረሰር ነበር። ቫይረሱ የሚራባው ነርቭ ውስጥ ስለሆነ ሌላ መንገድ አልነበረም። ከዚያም ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ፌርሚና በሕንድ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ሴምፕል በፌኖል የታከመ የእንስሳ አንጎል መጠቀም ጀመሩ። ክትባቱ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ፤ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው አተረፈ።

ግን አንድ እንግዳ ነገር ታየ። ከተከተቡት መካከል ጥቂቶቹ መርፌውን በጀመሩ በሁለት ሳምንት ገደማ እግራቸው ይዝላል፣ ሽንታቸው ይታገዳል፣ አንዳንዶቹም ራሳቸውን ይስታሉ። ቁጥሩ እንደ አገሩና እንደ ክትባቱ አሠራር ይለያያል፤ ከጥቂት መቶ ሰው አንድ እስከ ከብዙ ሺህ ሰው አንድ። መጀመሪያ የተጠረጠረው በክትባቱ ውስጥ ያለው ቫይረስ ነበር። ነገር ግን ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ዳኑ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የነከሳቸው ውሻ ጤነኛ ሆኖ የተገኘ ሰዎችም ሽባ ሆነዋል። የሞቱትም ሲመረመሩ አንጎላቸው ውስጥ የታየው በደም ሥር ዙሪያ ማየሊኑ የተላጠ ነርቭ ነበር። የሪንድፍላይሽን ፍንጭ አስታወሳችሁ?

ታዲያ ጥፋተኛው ቫይረሱ ካልሆነ የቀረው ምንድን ነው? የቀረው አንጎሉ ራሱ ነው።

በ1933 በኒውዮርክ የሮክፌለር ተቋም ቶማስ ሪቨርስና ባልደረቦቹ ይህን ጥርጣሬ ፈተሹት። ሪቨርስ የቫይረስ ሰው ነበር። ምንም ቫይረስ የሌለበትን የጤነኛ ጥንቸል አንጎል ፈጭተው ለጦጣዎች በጡንቻ ደጋግመው ወጉ። ለወራት የዘለቀ አድካሚ ሥራ ነበር። ከጦጣዎቹ አንዳንዶቹ ሰነፉ፣ እግራቸው ተሳሰረ፤ አንጎላቸው ሲታይም ማየሊኑ ተልጧል። ጀርም የለም፣ መርዝ የለም፤ ያለው ሰውነት ለማየሊን የሰጠው ምላሽ ብቻ ነው።

በ1947 ኤልቪን ካባትና ጓደኞቹ የመከላከያ ሥርዓትን የሚቀሰቅስ ቅባት ከአንጎሉ ጋር ቀላቅለው ሰጡ። ወራት ይፈጅ የነበረው በሽታ በጥቂት መርፌና በሳምንታት መጣ። ቀስቃሹ ሲጨመር በሽታው መፍጠኑ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ቀጥለውም ከጦጣው ከራሱ አንጎል ቁራጭ ወስደው መልሰው ለዚያው ጦጣ ወጉት፤ በሽታው መጣ። «የገዛ ሰውነቴ እንዴት?» ብላ ለጠየቀችኝ ልጅ ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ አላውቅም።

ይኸው ካባት ቀደም ሲል፣ በ1942፣ ከመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕመምተኞች የጀርባ ፈሳሽ ውስጥ ከመጠን በላይ የሆነ ጋማ ግሎቡሊን አግኝቶ ነበር። ጋማ ግሎቡሊን ፀረ እንግዳ አካላት የሚገኙበት ፕሮቲን ነው። ዛሬ ከሕመምተኛ ጀርባ ፈሳሽ ስንቀዳ የምንፈልገው የዚያን ምርመራ ልጅ ነው። በ1960 ፊሊፕ ፓተርሰን ደግሞ ከታመሙ አይጦች የንፍፊት ሴሎችን ወስዶ ለጤነኞች ሰጠ፤ ጤነኞቹ ታመሙ። ስለዚህ አጥቂዎቹ በደም የሚዞሩት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ በተለይም ቲ ሴል የምንላቸው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ከብዙ የስም ለውጥ በኋላ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምንለው ነው። ለአሠርት ዓመታት በአገራችን የተሰጠው የእብድ ውሻ ክትባት እዚያው ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው የፌርሚ ዓይነት ነበር። ዕድሜያችሁ ከፍ ያለ አንባቢዎች ታስታውሱታላችሁ፤ ሆድ ላይ፣ በየቀኑ፣ ለሁለት ሳምንት። ከገጠር የመጣ ሰው ዘመድ ቤት ተጠግቶ፣ እርሻው እያለፈበት ይወጋ ነበር። በ2001 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናትም የዚህኑ ክትባት የመከላከል አቅም መርምሯል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ1980ዎቹ ጀምሮ «ከአንጎል የሚሠራውን ተዉት» እያለ ወተወተ፤ እኛ ዘግይተው ከተዉት አገሮች አንዱ ነን። ምክንያቱም ድህነት ነው እንጂ አለማወቅ አይደለም።

እኔ ይህን ክትባት ላወግዘው አልደፍርም። በእብድ ውሻ ተነክሶ ያልተከተበ ሰው ምልክቱ ከጀመረው ይሞታል። ከሺህ አንድ ሽባ የመሆን ዕድል በዚያ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ቀላል ነበር። ግን ስለ ክፍያው በግልጽ መነጋገር አለብን። በ1987 የታይላንድ ሐኪሞች እንዲህ ዓይነት ክትባት ወስደው የታመሙ ሰዎችን ደም መርምረው የማየሊንን ዋና ፕሮቲን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት አገኙ። ሪቨርስ በጦጣ ያየው በሰው ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሐኪም ልሁን፦ የዛሬው የእብድ ውሻ ክትባት በቤተ ሙከራ ሴል ላይ የሚዘጋጅ ነው፤ አንጎል የለበትም፤ የሚሰጠውም ክንድ ላይ ነው። ከላይ ያነበባችሁት አያስፈራችሁ። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ነገ አትበሉ።

እንክርዳድና ስንዴ

መከላከያ ሥርዓታችን ለምን ይሳሳታል? በአረም ወቅት ስንዴ ማሳ ውስጥ የገባ ሰው ይገባዋል። እንክርዳድ ቡቃያው ከስንዴው ጋር ይመሳሰላል፤ የቸኮለ አራሚ ስንዴውን አብሮ ይነቅላል። ቲ ሴሎች ገና በልጅነት ቲመስ በሚባል ዕጢ ውስጥ «ይህ የራስህ ነው፣ አትንካው» የሚል ፈተና ያልፋሉ፤ የወደቁት ይወገዳሉ። ፈተናው ግን ፍጹም አይደለም። አንዳንድ ተጠራጣሪ ሴሎች አምልጠው በደም ውስጥ ይኖራሉ፤ በእያንዳንዳችን ውስጥ አሉ። ብዙውን ጊዜ ተኝተው ይኖራሉ። እንክርዳዱ ሲመጣ ግን ይቀሰቀሳሉ።

ያ እንክርዳድ ማን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ተፈልጓል። በ2022 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን ለ20 ዓመት የተከታተለ መረጃ አወጡ። በኤም.ኤስ. ከታመሙትና ደማቸው ከተመረመረው 801 ሰዎች ውስጥ በኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ያልተያዘው አንድ ብቻ ነበር። በቫይረሱ መያዝ የመታመምን ዕድል 32 እጥፍ አሳድጎታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የቫይረሱ አንድ ፕሮቲን ቁራጭ በአንጎል ውስጥ ካለ ፕሮቲን ጋር እንደሚመሳሰል አሳዩ። እንክርዳድና ስንዴ ማለት ይህ ነው። (ቫይረሱ በ1964 የተገኘው ከኡጋንዳ በተላከ የሕፃናት ዕጢ ውስጥ ነው።)

ግን አትቸኩሉ። ይህ ቫይረስ ከዓለም አዋቂ ሕዝብ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ውስጥ አለ። የሚታመሙት ጥቂቶች ናቸው። ቫይረሱ ብቻውን አይበቃም፤ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለ፣ የፀሐይና የቫይታሚን ዲ ነገር አለ፣ ማጨስም አለ።

መከላከያ ሥርዓት ነርቭ ሲጎዳ በአገራችን በሌላ በሽታም እናውቀዋለን፤ በሥጋ ደዌ። አዲስ አበባ አለርት ግቢ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1970 ገደማ ሥራ የጀመረው ይህንኑ ለማጥናት ነው። ቶሬ ጎዳልን የመሳሰሉ ኖርዌያውያን ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የሰው ሴሎች ለሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚሰጡትን ምላሽ እዚያ መረመሩ። በሥጋ ደዌ ብዙ ጊዜ እጅና እግርን የሚያሽመደምደው ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያውን ለማጥፋት የሚነሳው የመከላከያ ቁጣ ነው። ለዚህም ነው መድኃኒቱን እየሰጠን ቁጣውን በፕሬድኒሶሎን የምናበርደው። የኤም.ኤስ. ሕመምተኛ ድንገት ሲብስበት የምንሰጠው መርፌም የዚሁ መድኃኒት ዘመድ ነው።

ስለ ዱቄቱ

ጎረቤትዬው ያመጣላትን ዱቄት አልረሳሁትም። በቀና ልብ እንዳመጣው አውቃለሁ። ነገር ግን በ1987 በአሜሪካ ለ18 የኤም.ኤስ. ሕመምተኞች ጋማ ኢንተርፌሮን ተሰጠ። ይህ ንጥረ ነገር የመከላከያ ሴሎችን የሚያነቃቃ ነው፤ የታሰበውም ይጠቅማል ተብሎ ነበር። ከ18ቱ 7ቱ በሽታው አገረሸባቸው፣ ሙከራውም ተቋረጠ። ብዙዎቻችን ከጦጣው ሙከራ ይልቅ የምናምነው ይህን ነው፤ በሰው ላይ፣ በቀጥታ፣ የመከላከያ ሥርዓት ሲበረታ በሽታው ተባሰ። በጣም ያሳዝናል፤ ግን ትልቅ ትምህርት ነበር።

ስለዚህ «አቅም የሚያጠነክር» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ነገር የኤም.ኤስ. ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይውሰድ። ዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለ እኔም አንቺም አናውቅም። ምናልባት ሽምብራ ይሆናል፤ ምናልባት አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ውጤታማ መድኃኒቶች ሁሉ በተቃራኒው መንገድ የሄዱ ናቸው። በ1993 ቤታ ኢንተርፌሮን በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ስሙ ቢመሳሰልም ሥራው ሌላ ነው፣ ያረጋጋል። በ2004 ናታሊዙማብ መጣ፤ ነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር ወጥተው ወደ አንጎል እንዳይገቡ በሩ ላይ ያግዳቸዋል። በሽታው በሚገርም ሁኔታ ቀነሰ። የሪንድፍላይሽ ፍንጭ ከ141 ዓመት በኋላ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። ግን ጠባቂው በሩ ላይ ሲታገድ ሰውነት ውስጥ ያደፈጠ ሌላ ቫይረስ በጥቂት ሰዎች አንጎል ላይ ተነስቶ አንዳንዶቹን ገደለ፤ መድኃኒቱ በ2005 ከገበያ ወጣ፣ በ2006 በጥብቅ ክትትል ተመለሰ። በ2008 ደግሞ ቢ ሴል የሚባሉትን የሚያጠፋው ሪቱክሲማብ ሲሞከር አገርሺው በግልጽ ቀነሰ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የቲ ሴል ብቻ እንዳልሆነ ገባን።

ለምን እኛ ጋ ጥቂት ሆነ?

ልጅቷ ከጠየቀችኝ አንዱ «በሰፈሬ ይህን በሽታ የሰማ ሰው የለም፣ እኔን ለምን?» የሚል ነው። እውነቷን ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፕሮፌሰር ረዳና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት 60,820 ሰው አጣርተው የነርቭ በሽታዎችን ቆጠሩ። የሚጥል በሽታ ከሺህ 5.2 ሰው ላይ ተገኘ። የፖሊዮ ሽባነት፣ የሥጋ ደዌ የነርቭ ጉዳት፣ መስማትና መናገር አለመቻል ነበር። ባወጡት ዝርዝር ውስጥ ኤም.ኤስ. የለም። በዓለም ላይ በ2020 2.8 ሚሊዮን ያህል ሕመምተኞች እንዳሉ ተገምቷል፤ አብዛኞቹ ግን በሰሜን አገሮች ናቸው።

ከፊሉ የምርመራ ጉድለት ነው። ኤምአርአይ በሌለበት ኤም.ኤስ. አይቆጠርም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት የአገሪቱ የነርቭ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዓይኗ ደብዝዞ የተሻላት የገጠር ሴት ማን ይመዘግባታል?

ሁሉም ግን የምርመራ ጉድለት አይደለም። እኛ ዘንድ ልጆች በኤፕስታይን-ባር ቫይረስ የሚያዙት ገና በሕፃንነታቸው ነው፣ ጉንፋን መስሎ ያልፋል። በጉርምስና ዘግይቶ ሲይዝ ግን ሰውነት ይቆጣል፤ ኋላም የኤም.ኤስ. ዕድል ከፍ ይላል። ሌላው ትላትል ነው። በ2001 በጅማ የተሠራ ጥናት ብዙ መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች የአስም ሲርሲርታቸው ያነሰ መሆኑን አሳየ። ትሉ እንዳይባረር ሲል የመከላከያ ሥርዓታችንን ያለሰልሰዋል። በ2007 በአርጀንቲና 12 የኤም.ኤስ. ሕመምተኞች ትል ስለነበረባቸው በሽታቸው ያነሰ አገረሸ። ታዲያ «የትል መድኃኒት ልተው?» የሚለኝ ሰው እንዳይኖር! በእንግሊዝ ሕመምተኞችን ሆን ብለው በመንጠቆ ትል ለክፈው ሞክረዋል፤ በ2020 የወጣው ውጤት የተጠበቀውን አላሳየም። ትል ደም ይመጥጣል፣ ልጅ ያቀጭጫል። ውሰዱ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከጎንደር ገጠሮች ተነስተው በ1984ና በ1991 እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ልጆቻቸው ላይ ዓይነት አንድ ስኳር እየበዛ እንደመጣ የዚያ አገር ሐኪሞች ጽፈዋል። እሱም የመከላከያ ሥርዓት ቆሽትን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ዘሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አኗኗሩ ነው። የይፋግ ልጅ አዲስ አበባ ወይም ዳላስ ስታድግ የሚገጥማት ከእናቷ የተለየ ዓለም ነው። ስለዚህ ወጣት ሐኪሞች፣ በተለይ በወረታና በደብረ ታቦር ያላችሁ፣ እግሯ የዛለባትን ወጣት ሴት ስታዩ ስለ ጓያ ከጠየቃችሁ በኋላ ስለ ዓይኗም ጠይቋት። በሽታው በሴቶች ላይ በእጥፍ ያህል ይበዛል፤ ብዙውን ጊዜም የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

ለጠያቂዬ የላክሁላት መልስ ይህን ይመስል ነበር። እህቴ፣ ሰውነትሽ ጠላትሽ አይደለም፤ አንዱ ጠባቂ ተሳስቷል። ዱቄቱን አስቀምጪው። እናትሽ ጸበል ሊወስዱሽ ከፈለጉ ሂጂ፣ የእሳቸውም ልብ ይረፍ፤ መድኃኒትሽን ግን አታቋርጪ፤ አገርሺው ዝም ያለ ሲመስል ውስጥ ውስጡን ጠባሳ ይጨምራል። ለመውለድ ስታስቢ አስቀድመሽ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ በሽታው እናት ከመሆን አያግድም፣ አንዳንዱ መድኃኒት ግን ለፅንስ አይሆንም። ትኩሳት ወይም የሽንት ማቃጠል ሲኖርሽ ቶሎ ታከሚ።

ስለ ዋጋው የጠየቅሽኝ ከባዱ ነው። በ2023 የዓለም የጤና ድርጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት የኤም.ኤስ. መድኃኒቶችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል፤ ሪቱክሲማብ አንዱ ነው። ይህ መድኃኒት ለዕጢ ሕክምናም ስለሚውል ተመሳሳዩ በርካሽ ይመረታል። ዝርዝር ውስጥ መግባትና መደርደሪያ ላይ መድረስ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሆድ መርፌውም እስኪቀየር ምን ያህል እንደቆየ አንብበሻል። ለሐኪምሽ ስሙን ጠቅሰሽ ጠይቂው፤ የጠየቀሽውንም የጀርባ ፈሳሽና የኤምአርአይ ውጤት አንድ ላይ አድርገሽ በፌስታል ሳይሆን በማኅደር ያዢ፤ ሐኪም ስትቀይሪ ያስፈልግሻል።